ግራ መብራቱ የጠፋው ሣጥን

ቦርኬቴ እንደሚሞት ያወቀው ራዲዮውን ሊያሠራ እኔ ዘንድ የመጣ ዕለት ነው። አወቀ ስል ጠረጠረ ማለቴ ነው፤ በእሱ ዘንድ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም።

የእኔ የራዲዮ መጠገኛ ኪዮስክና የሶዋ ሣጥን ቤት በአንድ የአሸዋ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጠው ይውላሉ። ሶዋ የሬሳ ሣጥን አናጢ ነው። እኛ አክራ አጠገብ ባሕር ዳር የምንኖር ቴሺዎች ሰውን በአራት ጣውላ ጠርቅመን አንሸኝም። ዓሣ አጥማጁ በዓሣ ሆድ፣ የሽንኩርት ነጋዴዋ በሽንኩርት፣ ሰባኪው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል። ባለፈው ዝናብ የሞተው አስተማሪ የሄደው በእስክሪብቶ ነበር። ትከሻው ላይ ትንሽ ጠብቦት ነበር፤ ቅር እንዳለው ግን የሰማ የለም።

ሶዋ አንድ ሕግ አለው። ሣጥኑ የማን እንደሆነ ለማንም አይናገርም፤ ያዘዘው ቤተሰብ መጥቶ እስኪወስደው ድረስም በሸራ ሸፍኖ ያቆየዋል። ምክንያቱም አንዳንዱ ሣጥን የሚሠራው ባለቤቱ ገና እየበላና እየጠጣ ሳለ ነው። ሐኪሙ ፊቱን ሲያጠቁር ልጆች ሹልክ ብለው መጥተው ያዛሉ። ቀለም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሽታ ደግሞ ቀለም እስኪደርቅ አይጠብቅም። «የሚተኛበት አይጠይቅ፣ የጠየቀም አይነገረው» ይላል ሶዋ። ሰፈሩም ሕጉን ያከብራል፤ ማለትም ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም በየቤቱ ይገምታል።

ያን ዕለት ቦርኬቴ ራዲዮውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «አንዴ ይናገራል፣ አንዴ ዝም ይላል። እንደ ሚስቴ ነው» አለኝ። ልስቅለት አፌን ስከፍት ከባሕሩ የተነሳ ነፋስ መንገዱን አቋርጦ የሶዋን ሸራ ገለበው።

ከሸራው ሥር የወጣው ሚኒባስ ነበር። ከወገቡ በታች ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ። ግራ የፊት መብራቱ የለም፤ በቦታው ጥቁር ጉድጓድ ተስሏል። የጎን በሩ በገመድ ታስሯል። ከኋላው ጽሑፍ ተጀምሮ «ማን ያው» ላይ ቆሟል፤ ቀለም ቀቢው ምሳ ሄዶ ይሆናል።

ኪዮስኬ ጥግ የቆመው የቦርኬቴ ሚኒባስ ደግሞ ከወገቡ በታች ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ ነው። ግራ መብራቱ፣ ቦርኬቴ ፍየል አድናለሁ ብሎ ከምሰሶ ጋር ከተጋጨ ወዲህ የለም። በሩ በገመድ ይታሰራል። ከኋላው «ማን ያውቃል» ይላል፤ የእሱ ጽሑፍ ያለቀ ነው።

ቦርኬቴ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረ። እኔም ራዲዮውን የምፈታ መስዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ሶዋ! ይሄ የማን ነው?»

ሶዋ ሸራውን እየመለሰ፣ «የደንበኛ» አለ።

«የየትኛው ደንበኛ?»

«ያዘዘው።»

«እኔ መኪናዬን አውቃለሁ፣ ሶዋ።»

«እኔስ የማላውቃት መስሎሃል? ጭሷን ስምግ ነው የኖርኩት።»

«እኔ ነኝ ወይ የምተኛበት?»

«የሚተኛበት አይጠይቅ።»

«አብሮ አደግህ ነኝ። ካልሆንኩ፣ አይደለህም ማለት ምን ይከብዳል?»

ሶዋ መዶሻውን አስቀምጦ አሰበ። ሲያስብ ምስማሩን ከአፉ ያወጣል። «ዛሬ ለአንተ አይደለህም ካልኩህ፣ ነገ ለሌላው ዝም ስል ነህ ማለቴ ይሆናል» አለ። «ስለዚህ ለሁሉም ዝም።»

ትክክል ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ሰውን እንዲህ ሲያሳምም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቦርኬቴ ከዚያ በኋላ ጆሮውን እንደ ባዳ ይከታተለው ጀመር። በየቀኑ እኔ ዘንድ እየመጣ፣ ራዲዮው ደረሰ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ማስረጃ ይዘረግፍልኝ ነበር።

መጀመሪያ የሐኪሙን ነገር አመጣ። ባለፈው ሳል ይዞት ከሚስቱ ከዴዴይ ጋር ወደ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ሲያበቃ፣ «አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ውጪ ይጠብቁን» ብሎት ነበር። «ሳሉ የእኔ፣ ደረቱ የእኔ» አለ ቦርኬቴ፤ «ታዲያ እኔን አስወጥቶ ከእሷ ጋር የሚያወራው ስለ ማን ነው?»

ቀጥሎ ዓሣውን አመጣ። ዴዴይ በገበያው አፍ ኬንኬ፣ በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ትሸጣለች፤ ማታ ከሚተርፈው ጋር የተጠበሰ ዓሣ ታቀርባለች፤ የዓሣውን ጭንቅላት ግን ከተጋቡ ጀምሮ ለራሷ አስቀርታ ነው። አሁን ጭንቅላቱን ወደ እሱ ትገፋለች። «ብላ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ትለዋለች። ቦርኬቴ ለእኔ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ሰው የሚወደውን ነገር በነጻ የሚሰጠው ለማን ነው? ለሚሄድ ሰው አይደለም?»

ከዚያ ፎቶው መጣ። ልጃቸው ኮርኮይ ፎቶ አንሺ ይዛ መጥታ፣ «አባባ፣ ጥሩ ልብስህን ልበስ፣ ከእማማ ጋር እንድትነሱ» አለችው። እኛ ሰፈር ጥሩ ፎቶ የት እንደሚለጠፍ ሁሉም ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀብር አለ፤ ግድግዳው ሁሉ በደንብ የለበሱ ሟቾች ፊት ነው። ቦርኬቴ ጥሩ ልብሱን ለበሰ፤ ፈገግ በል ሲባል ግን እምቢ አለ። «ፈገግ ብዬ ግድግዳ ላይ ልሰቀልላቸው?» አለኝ።

ወያላውም አልቀረለትም። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ሲመለስ ወያላው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን ሲያሻሽ አገኘው። ወያላው ጎልማሳ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ወገቡን አሞት ነበር። «ፀሐይ ሸሽቼ ነው፣ አታ ቦርኬቴ» አለው፤ አታ እኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው። ቦርኬቴ ግን ወንበሩ ከቀድሞው ትንሽ ወደ ኋላ መገፋቱን አስተውሏል። የወያላው እግር ረጅም ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ቦርኬቴ ግን ገንፎውን ትቶ ስንጥሩን ብቻ ይበላ ጀመር።

ወሬው ደግሞ ሰፈሩን ዞረ። ቦርኬቴ የራሱን ሣጥን አየ ተባለ። ሰዉ ሁሉ አዘነለትና ደግ ሆነ። ጎረቤቱ ሰላምታ አበዛ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቸኩል ላጨው፣ ተራ አስከባሪው ያለ ወረፋ አስጫነው። እነሱ ደግ የሆኑት እሱ ስለ ጠረጠረ ነው፤ እሱ ይበልጥ የጠረጠረው እነሱ ደግ ስለሆኑ ነው።

አነዳዱም ተለወጠ። አንድ ቀን ወደ አክራ አብሬው ሄድኩ። በየመታጠፊያው ይቆማል፤ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል። ነዳጅ የሚያስሞላው ለአንድ ምልልስ ብቻ ነው። በጭስ የደረቀ ዓሣ በሳፋ ይዛ የተሳፈረች ሴት ከኋላ ጮኸች።

«አታ ቦርኬቴ፣ መኪና ነው የምትነዳው ወይስ አስከሬን አጅበህ ነው?»

«እማማ፣ ሞት አያስቸኩልም።»

«አንተን ባያስቸኩልህ ዓሣዬን ያስቸኩለዋል! እስክንደርስ ነፍስ ዘርቶ ባሕሩ ይገባብኛል!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ቦርኬቴ አልሳቀም። በመስታወቱ እያየ ማን ምን ያህል እንደሳቀ ይመዝን ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ስለ ሰው አእምሮ የማውቀው ራዲዮ ስፈታ ያገኘሁትን ነው። ጨርሶ የሞተ ራዲዮ አያስቸግርም። ትከፍተዋለህ፣ የተቃጠለውን ታያለህ፣ ትቀይራለህ፤ ካልሆነም አልሆነም ብለህ ታርፋለህ። ሰውን የሚያሳብደው አንዴ የሚናገር አንዴ ዝም የሚል ነው። ሆዱን ስትከፍተው ይናገራል፣ ክዳኑን ስትገጥምለት ዝም ይላል። ስለዚህ ትመታዋለህ። መትተኸው ከተናገረ፣ መምታቴ ነው ያዳነው ትላለህ። ዝም ሲል እንደገና ትመታዋለህ። መጨረሻ ላይ ደህና የነበረውም ይሰበራል። እኔ እንዲህ ያለው ሲመጣብኝ ክፍት አድርጌው ጥግ አስቀምጠውና ሌላ ሥራ እሠራለሁ።

ይህን ለቦርኬቴ ነገርኩት። «በል እንግዲህ አንተም አትምታው» አልኩት። «ሞተሩን ስታስነሳ ስለ መንገዱ ብቻ አስብ፤ ስታጠፋ እንደፈለግህ ጠርጥር።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ዴዴይ ናት እንዲህ በለው ያለችህ?»

ከዚያ ወዲህ ምክር አቆምኩ።

የሣጥኑን ልክ እንውሰድ ያለው እሱ ነው። ሶዋ ምሳውን የሚበላው ዴዴይ ዘንድ ሄዶ ነው፤ ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፣ ሣጥን የሚሰርቅ የለምና። ቦርኬቴ ከእኔ የአንቴና ሽቦ ወሰደና ገባ። ሸራውን ገልጦ የሣጥኑን ውስጥ ከአናቱ እስከ እግሩ በሽቦ ለካና ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ምልክት አደረገበት። ተመልሶ መጥቶ የእኔ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ተጋደመ። «ያዝልኝ» አለ።

ሽቦውን ከራስ ቅሉ ጀምሬ ዘረጋሁት። ጉልበቱን አልፎ ትንሽ እንደሄደ አለቀ።

«አየህ?» አልኩት። እኔ ራሴ ተንፈስ አልኩ። «አጠረ። ያንተ አይደለም፣ ተነስ።»

አልተነሳም። ጣሪያዬን እያየ አሰበ። «ሰው ሲታመም ይቀንሳል» አለ።

«ወደ ቁመቱ ነው እንዴ የሚቀንሰው?»

«ሶዋ ልምድ አለው። ምን ያህል እንደምቀር አስቦ ነው የሠራው።»

«ቦርኬቴ!»

«ደግሞስ አስተማሪውን እስክሪብቶ ውስጥ እንዴት አድርጎ ከተተው? ትከሻው አልጠበበም? እኔንም አጥፎ ይከተኛል።» ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «እንዲያውም አሁን አረጋገጥኩ። ለእኔ ባይሆን ኖሮ እንዲህ አስመስሎ አያሳጥረውም ነበር። እንዳልጠረጥር ነው።»

ሽቦውን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ታዲያ ልኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለአንዳችንም አልመጣልንም።

ነገሩ የፈነዳው በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። ዴዴይ ኬንኬዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ ሣጥን ቤቱ ገባች። ቦርኬቴ እኔ ዘንድ ነበር። ከተደረደሩት ራዲዮዎች ጀርባ ጎንበስ አለ። ረጅም ሰው ስለሆነ ግማሹ አልተደበቀም።

ሶዋ ሸራውን ገለጠላት። እሷ ዙሪያውን ዞራ አየችና፣ «በሩን ክፍት አድርግልኝ አላልኩህም?» አለች። «ዝግ በር አልወድም።»

«ማሜ ዴዴይ፣ ክፍት ከሆነ ዝናብ ያስገባል።»

«መሬት ሥር የምን ዝናብ ነው?»

ቦርኬቴ ከዚህ በላይ አልቻለም። ሁለት ራዲዮ ጥሎ ተነሳና መንገዱን ሮጦ ተሻገረ። እኔም የወደቀውን ላነሳ በሚል እስከ በሩ ድረስ ተከተልኩት።

«አሁንስ ያዝኩሽ!»

ዴዴይ አልደነገጠችም። «ቀስ በል፣ ቀለሙ አልደረቀም» አለችው።

«እኔ በቁሜ ቀብሬን ታሳምሪያለሽ?»

«የማንን ቀብር?»

«የእኔን ነዋ! ሐኪሙ ምን አለሽ? በይ ተናገሪ፣ ምን ያህል ቀረኝ?»

ዴዴይ ሶዋን አየችው። ሶዋ ጣሪያውን አየ፤ ሕጉ ሕግ ነው። ከዚያ ዴዴይ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ጥላዋን ተደግፋ በሆዷ።

«አንተ ሰውዬ፣ የአልጋውን የግድግዳ ጥግ ወሰድክ፣ የዓሣውን ጭንቅላት ወሰድክ። አሁን ደግሞ ሣጥኔንም ልትወስድብኝ ነው?»

«ሣጥንሽን?»

«ለምን ያጠረ መሰለህ?»

ሶዋ ምስማሩን ከአፉ አወጣ። የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ መሬት አስቀመጠውና ወደ ጓሮ ወጣ።

«ሚኒባሱ…» አለ ቦርኬቴ፣ «ሚኒባሱ እኮ የእኔ ነው።»

«ሾፌሩ አንተ ነህ። ሚኒባሱ ያንተ ብቻ የሆነው መቼ ነው? ወያላ የምንቀጥርበት ሳይኖረን፣ በዚህ በር ተንጠልጥዬ ‹አክራ! አክራ!› እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩት እኔ አይደለሁም? ኮርኮይ በሆዴ እያለች ይሄን ገመድ ያሰረው ማን ነው? አንተ እንደሆንክ መሪህን ይዘህ ወደ ፊት ብቻ ነው የምታየው።»

ቦርኬቴ ገመዱን አየ። እውነትም የሴት አስተሳሰር ነበር፤ የኬንኬ እሽግ የሚታሰረው እንደዚያ ነው። ሶዋ ሣጥኑ ላይ ሳይቀር በደንብ አስመስሎታል።

«ያን ቀን ሐኪሙ ያስወጣህ እኔ በዓይኔ ለምኜው ነው» አለች ዴዴይ። «ላንተ የሳል ሽሮፕ ሰጠህ፣ ዳንክ፣ አበቃ። እኔ ግን…» እጇን ከግራ ጡቷ ሥር አሳረፈች። «እብጠት አለ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩኝ፣ ለምርመራ ቆንጥረው ወሰዱ። ክፉ ይሁን ደግ ገና አልታወቀም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አላውቅም ብዬ? አላውቅም የሚባል ወሬ እንዴት ይነገራል?» ድምፅዋ አሁን የሳቅ አልነበረም። «አንተ ያልያዘህን በሽታ ታመህ መኪናውን እንደ ቀንድ አውጣ ስትነዳ ከረምክ። የያዘኝን ብነግርህ ተሳፋሪውን ይዘህ ባሕር ትገባ ነበር።»

«ታዲያ ሣጥን ማሠራት ምን ይሉታል?»

ዴዴይ የሣጥኑን ጣሪያ ገና ባልደረቀው በኩል ሳይሆን በደረቀው በኩል ዳሰሰች።

«የማላውቀው ሲበዛብኝ የማውቀው አንድ ነገር ፈለግሁ» አለች። «ሐሳቤ ቤት ስሆን ይዞራል፣ ኬንኬ ስጠቀልል ይዞራል፣ የሚያርፍበት የለውም። እዚህ መጥቼ ከሶዋ ጋር ስለ ሰማያዊው ስጨቃጨቅ ያርፋል። ይኸው ነው። ለመሞት ቸኩዬ አይደለም።»

ቦርኬቴ አለቀሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያደረገው ግን ጣቱን የጠፋው መብራት በተሳለበት ጥቁር ጉድጓድ ላይ ማሳረፍ ነው።

«ሶዋ!» ብሎ ወደ ጓሮው ጮኸ። «ይሄን መብራት ሥራው!»

«ልክ እንደ እውነተኛዋ አድርግ ተብያለሁ!» አለ ሶዋ ከጓሮ። ሕጉ ፈርሶ ስለነበር ድምፁ ቅሬታ ነበረው።

«እንግዲያው እውነተኛዋን እሠራለሁ» አለ ቦርኬቴ። መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ከእኔ ካቻቢቴ ተዋሰ። የዚያን ዕለት ሚኒባሱ አልሠራም። ፀሐዩ ላይ ተንበርክኮ መብራቱን ሲገጥም ዋለ። ዴዴይ ከጎኑ ጥላ ይዛ ቆማ፣ «ጠማማ ነው» ትለው ነበር። ጠማማ ነበር።

ውጤቱን ሊሰሙ አብረው ሄዱ። ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ጠበቃቸው፤ እኛ ወሬ አንወድም፣ መንገዱ ግን በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ሲመለሱ ከፊታቸው የሚነበብ ነገር አልነበረም። «እንደገና ይታይ አሉ» አለች ዴዴይ ለሁሉም እንዲሰማ። «የመጀመሪያው ግልጽ አይደለም አሉ። አሁን ሁላችሁም እኔ የማውቀውን ያህል ታውቃላችሁ፤ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።»

ሶዋ ለአንድ የጎሳ አለቃ የአንበሳ ሣጥን ታዞ ቦታ ስለጠበበው ሣጥኑን ውሰዱልኝ አለ። ወሰዱት። ግቢያቸው ውስጥ በጥላ ሥር ቆሟል። ጎረቤት መጀመሪያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ዴዴይ ኬንኬ የምትጠቀልልበትን የበቆሎ ልባስ ታስቀምጥበታለች። በሩ ክፍት ስለሆነ ለእጅ ይመቻል፤ ዝናብም አያስገባም። ሶዋ በዚህኛው ተሳስቷል።

ጠዋት ጠዋት ገበያ ከመሄዷ በፊት ቦርኬቴ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ምልልስ ትሄዳለች። አንገቷን በመስኮት አውጥታ «አክራ! አክራ!» ትላለች። ድምፅዋ አሁንም ይዘጋባታል። ወያላው ከኋላ ቆሞ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው ብሎ መጠርጠር ጀምሯል።

ትናንት ቦርኬቴ ራዲዮውን ሊወስድ መጣ። ሚኒባሱ ሞተሩ እንደተነሳ ነው፤ ሁለቱም መብራቶቹ በቀን ይበራሉ፣ ግራው ወደ ሰማይ እያየ።

«ዳነ?» አለኝ።

«ምክንያቱን አላገኘሁትም» አልኩት። «አንዳንዴ ይናገራል።»

«ዝም ሲልስ?»

«እንዳትመታው። ክፍት ተወውና ሥራህን ሥራ።»

እየሰማኝ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። ዴዴይ ናት ወይ እንዲህ በል ያለችህ አላለኝም። ራዲዮውን ብብቱ ሥር አስገብቶ ወጣ።

«ተሠራ?» ብላ ዴዴይ በመስኮት ጮኸች።

«አንዳንዴ!»

«ይበቃናል፤ ና ንዳ፣ ሰዉ ረፍዶበታል!»